ሌሊትን የሚቆጥረው ተክል፦ ካናቢስን ከቤት ውጭ ስለማብቀል ሳይንሱና ሕጉ ምን ይላሉ?

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በጎረቤቶቻቸው ጓሮ አዲስ እንግዳ ማየት ጀምረዋል። ከቲማቲሙና ከቃሪያው አጠገብ የቆመ፣ እንደ እጅ ጣቶች የተዘረጉ ጥርሳም ቅጠሎች ያሉት፣ በጋው ሲገባደድ ኃይለኛ ሽታ የሚያውድ ረጅም ተክል ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ ከኦክቶበር 17 ቀን 2018፣ ቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2021፣ ሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 2023፣ ጀርመን ደግሞ ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለአዋቂዎች በቁጥር የተወሰነ ካናቢስ በመኖሪያቸው እንዲያበቅሉ ፈቅደዋል። ነገሩ ወደ እኛም ቤት መግባቱ አልቀረም። ልጆች ይጠይቃሉ፣ ወላጆች ይደነግጣሉ፣ ተከራይ አከራዩን ፈቃድ ይለምናል። ስለዚህ ይህ ተክል ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆነ፣ ደጅ ሲተከል ምን እንደሚገጥመው፣ የሚተክለውንስ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል ማወቁ ተገቢ ነው።

በአገራችን ቋንቋ ዕፀ ፋሪስ እየተባለ የሚጠራውን ይህን ተክል ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ በ1753 ካናቢስ ሳቲቫ የሚል ሳይንሳዊ ስም ሰጥቶታል። የቅርብ ዘመዱ ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው ሆፕስ ሲሆን፣ ለጠላና ለጠጅ ጌሾ የሚሠራውን ሥራ ለቢራ የሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ በ2021 የታተመና የ110 ናሙናዎችን ሙሉ ዘረመል ያነጻጸረ ጥናት፣ ሰው ይህን ተክል ለመጀመሪያ ጊዜ ያላመደው ከዛሬ 12 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ እስያ እንደሆነ አመልክቷል። ለረጅም ዘመንም በዋናነት ገመድ፣ ጨርቅና የዘይት እህል ነበር።

የአገራችንም ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። በቀድሞው በጌምድር፣ ከጣና በስተምሥራቅ በሚገኝና የላሊበላ ዋሻ በሚባል ቦታ (ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ከተማ ጋር ስሙ እንጂ ሥፍራው አንድ አይደለም) ሁለት የሸክላ ማጨሻ ጋያዎች በቁፋሮ ተገኝተው ነበር። ኒኮላስ ቫን ደር ሜርቨ የተባለው ተመራማሪ በውስጣቸው የቀረውን ጥቀርሻ መርምሮ የካናቢስ ውሕዶችን ማግኘቱን እ.ኤ.አ በ1975 አሳትሟል። ዕቃዎቹ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ትንባሆ ከአሜሪካ አህጉር የመጣው ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ በእነዚህ ጋያዎች ሊጨስ የሚችለው ትንባሆ አልነበረም።

የቀኑ ርዝመት ወይስ የሌሊቱ?

ካናቢስን ደጅ የሚተክል ሰው ከሁሉ በፊት ሊረዳው የሚገባው ነገር ማዳበሪያውን ወይም ውኃውን አይመለከትም። ይህ ተክል የሚያብበው ዕድሜው ሲደርስ ሳይሆን፣ በአብዛኛው ሌሊቱ በበቂ ሁኔታ ሲረዝም ነው። ታሪኩ ደስ የሚል ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጁልየን ቱርኗ የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ ተመራማሪ በፓሪስ በመስታወት ቤት ውስጥ ሆፕስና ካናቢስ ያበቅል ነበር። በክረምት የተዘሩት ችግኞች ገና ጥቂት ቅጠል ሳያወጡ ማበባቸው አስገረመው። መጀመሪያ የብርሃን ማነስ መስሎት ነበር። እ.ኤ.አ በ1914 ግን ያለ ጊዜ የሚያስብባቸው የቀኑ ማጠር ብቻ ሳይሆን ይልቁንም የሌሊቱ መርዘም ሳይሆን አይቀርም ሲል ጻፈ። ጦርነቱ ሕይወቱን ቀጠፈው፤ ሥራውም ለጊዜው ተረሳ።

ቀጣዩ ምዕራፍ የተጻፈው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ሠፈር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ ዛሬ ፔንታጎን ባለበት አካባቢ የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የሙከራ እርሻ ነበረው። እዚያ ዋይትማን ጋርነርና ሃሪ አላርድ አንድ የትንባሆ ዝርያ አስቸገራቸው። በበጋ ያለ ልክ ይረዝማል እንጂ አያብብም፤ በክረምት በመስታወት ቤት ሲያቆዩት ግን ያብባል። ሙቀቱን ሞከሩ፣ አፈሩን ሞከሩ፣ ምንም አልመጣም። በመጨረሻም ተክሎቹን ከሰዓት በኋላ ጨለማ ጎጆ ውስጥ እያስገቡ ቀኑን ሲያሳጥሩባቸው በበጋ መካከል አበቡ። ግኝታቸውን እ.ኤ.አ በ1920 አሳተሙ። እ.ኤ.አ በ1959 ደግሞ ከዚያ ብዙም በማይርቀው በቤልትስቪል፣ ሜሪላንድ የሚሠሩ ሳይንቲስቶች ተክል ብርሃንና ጨለማን የሚለይበትን ቀለም፣ ፋይቶክሮም የተባለውን ፕሮቲን በምርመራ አረጋገጡ።

የፋይቶክሮም አሠራር በቀላሉ ሲገለጽ እንዲህ ነው። በቀን ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት ወደ ንቁ መልክ ይለወጣል፤ በጨለማ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ተክሉ ከውስጣዊ ሰዓቱ ጋር እያገናዘበ ሌሊቱ ምን ያህል እንደቆየ ያውቃል። በካናቢስ ዘንድ ቀኑ ከ13 እስከ 14 ሰዓት ገደማ ሲወርድ፣ ማለትም ሌሊቱ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ሲደርስ፣ ቅጠልና ግንድ ማብዛቱን ትቶ ወደ አበባ ይዞራል። ልኩ እንደ ዝርያው ይለያያል። በሌሊት መካከል የሚበራ መብራት ይህን ቆጠራ ያቋርጠዋል። በረንዳ ላይ እስኪነጋ የሚበራ አምፖል ወይም የመንገድ መብራት አጠገብ የቆመ ተክል ሳያብብ ሊዘገይ፣ ወይም ግማሹ ጎኑ አብቦ ግማሹ ሳያብብ ሊቀር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ ከምድር ወገብ ያለን ርቀት ይሆናል። በዋሽንግተን አካባቢ በጁን መጨረሻ ቀኑ 15 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ከ14 ሰዓት በታች የሚወርደው በኦገስት የመጀመሪያው ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ አበባው እስኪበስል 8 ሳምንታት ያህል ቢወስድ፣ መከሩ ኦክቶበር መጀመሪያ አካባቢ ላይ ይውላል። በበርሊን ግን የጁኑ ቀን 17 ሰዓት ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከ14 ሰዓት በታች የሚወርደው ኦገስት ሊያልቅ ሲል ነው። እዚያ ላይ 8 ሳምንት ሲጨመርበት ኦክቶበር መጨረሻ ይደርሳል። የበርሊንን ኦክቶበር የኖረበት ያውቀዋል፦ ብርድ፣ ጭጋግና ካፊያ። በመጀመሪያው ዓመት ደጅ ተክለው ባዶ እጃቸውን የሚቀሩ ጀርመናውያን ብዙውን ጊዜ የሚሸነፉት በዚህ ስሌት ነው። በሰሜኑ ዓለም ቀኑን ሳይጠብቁ በዕድሜያቸው ብቻ የሚያብቡ ዝርያዎች የተወደዱት ለዚህ ነው። እነዚህ ከሩሲያና ከመካከለኛው እስያ ከመጣው፣ እ.ኤ.አ በ1924 ሩደራሊስ ተብሎ ከተሰየመው አጭር ዘመዳቸው ጋር በማዳቀል የተገኙ ናቸው።

ለንጽጽር ያህል፣ በአዲስ አበባ የዓመቱ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ገደማ፣ አጭሩ ደግሞ 11 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ገደማ ነው። በሰሜን አገር የተላመደ የካናቢስ ዘር በእንዲህ ዓይነት ቦታ ቢበቅል ዓመቱ ሁሉ መከር መስሎት ገና ከስንዝር ብዙም ሳያልፍ ያብባል፤ ልክ በቱርኗ የመስታወት ቤት እንደሆነው።

ወንዴና ሴቴ

በካናቢስ ዘንድ ወንዴና ሴቴ አበባ አብዛኛውን ጊዜ በተለያዩ ተክሎች ላይ ይገኛሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ኮሶ እንዲሁ ነው፤ ለመድኃኒትነት የሚመረጠውም የሴቴው አበባ ነው። በካናቢስም ሰዎች የሚፈልጉት የሴቴዋን አበባ ነው። ዘሩ በሚወጣበት ጊዜ ግን ማንም በዓይኑ አይቶ ሊለይ አይችልም። ልዩነቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ በቅጠሉ መነሻ ላይ ነው፦ ሴቴዋ ሁለት ነጭ ጭገሮች ታወጣለች፣ ወንዴው ትንንሽ ድቡልቡል እንቡጦችን ይደረድራል።

የወንዴው ብናኝ በነፋስ ኪሎሜትሮችን ይጓዛል። ብናኙ ያረፈባት ሴቴ ጉልበቷን ወደ ዘር ታዞራለች፤ የሙጫዋም መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ አብቃዮች ወንዴውን ነቅለው ይጥላሉ፣ ወይም ሴቴ ብቻ እንዲሆኑ የተዘጋጁ ዘሮችን ይገዛሉ። ነፋስ ግን አጥር አያግደውም። እ.ኤ.አ ከ2018 የግብርና ሕግ ወዲህ በአሜሪካ ለቃጫና ለዘይት የሚመረት፣ የማስከሪያ ውሕዱ ከ0.3 በመቶ ያልበለጠ ካናቢስ በሰፊ ማሳ ላይ መዘራት ጀምሯል፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ማሳ የሚነሣ ብናኝም የጎረቤትን ጓሮ ሊያዳርስ ይችላል።

አፈሩ የደበቀው

መትከያው ጊዜ ውርጭ ካለፈ በኋላ ነው። ጀርመኖች ከሜይ 11 እስከ 15 ያሉትን ቀናት «የበረዶ ቅዱሳን» እያሉ ያንን ሳያልፉ ስስ ችግኝ ደጅ አያወጡም፤ ለቲማቲም የሚሆነው ምክር ለዚህም ይሆናል። ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ፣ ውኃ የማይቋጥር፣ አሲዳማነቱ መጠነኛ የሆነና ብስባሽ የገባበት አፈር ይበቃዋል። ጀማሪ ተክሉን የሚገድለው በጥማት ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ውኃ በማብዛት ነው። ሥር አየር ካላገኘ ይበሰብሳል።

ይልቅ ብዙ ሰው የማያስበው አደጋ ሌላ ነው። ካናቢስ ከአፈር ውስጥ እርሳስ፣ ካድሚየምና ኒኬል የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችን በመምጠጥ ይታወቃል። ይህ ጠባዩ እንዲያውም እንደ ሀብት ተቆጥሮ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ በቼርኖቤል አካባቢ የተበከለ አፈርን ለማጽዳት ተሞክሯል። እንግዲህ አፈር የሚያጸዳ ተክል፣ ያጸዳውን ይዞ ነው የሚቀመጠው። በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት እርሳስ ያለበት ቀለም የተከለከለው እ.ኤ.አ በ1978 ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት ግድግዳ ሥር ያለው አፈር ከተፋቀ ቀለም የወረደ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። በነገራችን ላይ ይህ ማስጠንቀቂያ ጎመንና ጤና አዳም ለሚተክሉ እናቶችም እኩል ይሠራል። አፈርን ማስመርመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ካልሆነ ንጹሕ አፈር ገዝቶ በሣጥን ወይም በከረጢት መትከል ይሻላል።

ለጽጌረዳ የሚረጭ ፀረ ተባይ እዚህ ላይ መርጨትም ትልቅ ስሕተት ነው። የታጠበ ቲማቲም መብላት አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒት የጠጣ አበባ አቃጥሎ ወደ ሳንባ መሳብ ሌላ ነው።

ሙጫው፣ ሻጋታውና መከሩ

የሴቴዋን አበባ በአጉሊ መነጽር ቢያዩት፣ እንደ ጤዛ የሚያብረቀርቁ፣ ራሳቸው ክብ የሆነ ጥቃቅን የሙጫ ዕጢዎች ይታያሉ። ቲኤችሲ የተባለው አስካሪ ውሕድ መነሻው እዚያ ነው። ውሕዱን እ.ኤ.አ በ1964 በእስራኤል ለይተው ያወጡት ራፋኤል መሹላምና የሂኤል ጋዖኒ ናቸው። የሚያስገርመው ግን ጥሬው ተክል በአመዛኙ አያሰክርም። በተክሉ ላይ ያለው የውሕዱ አሲዳማ መልክ ነው፤ ወደ ቲኤችሲ የሚለወጠው በሙቀት፣ ማለትም በማጨስ ወይም በመጋገር ነው። ኬክና ከረሜላ ውስጥ ሲገባ ኃይሉ ዘግይቶ ስለሚነሣ፣ «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ሁለተኛ የሚጎርስ ሰውና ጣፋጭ የመሰለው ሕፃን ሆስፒታል የሚገቡት በዚህ ነው።

አበባው በበሰለበት በዚያ መከር ወቅት ግራጫ ሻጋታ የተባለው ቦትሪቲስ ይመጣል። ወይን ገበሬዎችን የሚያስለቅሰው ያው ፈንገስ ነው። ጥቅጥቅ ያለ አበባ፣ የሌሊት ጤዛና የሁለት ቀን ዝናብ ከተገናኙ ከውስጥ ጀምሮ ያበሰብሰዋል፤ ከውጭ ሲታይ ደኅና ይመስላል። አንዲት ቅጠል ያለ ምክንያት ደርቃ ከታየች ውስጡን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። የሻገተውን ቆርጦ ቀሪውን መጠቀም ግን አይመከርም። በተለይ አስፐርጂለስ የተባለው ሻጋታ የመከላከል አቅማቸው በደከመ ሰዎች፣ ለምሳሌ የካንሰር ሕክምና በሚከታተሉ ዘንድ፣ ከባድ የሳንባ ሕመም ያስከትላል፤ ለሕመም ማስታገሻ ብለው የሚጠቀሙት ደግሞ ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸው።

ጥንካሬውም እንደ ቀድሞው አይደለም። በአሜሪካ የተያዙ ናሙናዎች ሲመረመሩ አማካይ የቲኤችሲ መጠን እ.ኤ.አ በ1995 ከነበረበት 4 በመቶ ገደማ በ2014 ወደ 12 በመቶ ገደማ ከፍ ብሏል። ከፍተኛ ቲኤችሲ ያለውን ዘወትር መጠቀም፣ በተለይም አእምሮ ገና በማደግ ላይ ባለበት የጉርምስና ዕድሜ፣ ከአእምሮ ሕመም ተጋላጭነት ጋር የተያያዘ መሆኑን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ ነውና በዝምታ አናልፈውም።

ለስደተኛ የተለየው ጥያቄ

እስካሁን ያልነው ለማንም ሰው የሚሠራ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን በተለይ ለእኛ ነው።

በመጀመሪያ «ተፈቅዷል» የሚለው ቃል በየቦታው የተለያየ ነው። ካናዳ በአንድ ቤት 4 ተክል ትፈቅዳለች፤ ኩቤክ ግን ትከለክላለች። ቨርጂኒያ በአንድ ቤት 4 ትፈቅዳለች፤ በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም፣ የመንጃ ፈቃድ ወይም የመታወቂያ ቁጥርና ለግል ጥቅም መሆኑን የሚገልጽ ምልክት መንጠልጠል አለበት፤ ከመንገድም መታየት የለበትም። ሜሪላንድ በአንድ ቤት ከ2 በላይ አትፈቅድም፤ የቤቱ ባለቤት ፈቃድም ያስፈልጋል። ዋሽንግተን ዲሲ በ6 ተክል የበለጠ ለጋስ ትመስላለች፤ ነገር ግን ሕጉ የሚፈቅደው በቤት ውስጥ ብቻ ስለሆነ በጓሮ መትከል ጥሰት ነው። በጀርመን ቢያንስ 6 ወር የኖረ አዋቂ 3 ተክል ማብቀል ሲችል፣ ልጆች እንዳይደርሱበት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ፖቶማክን ለተሻገረ ሰው ሕጉ በ10 ደቂቃ መንገድ ይለወጣል።

ሁለተኛውና ዋናው ነገር የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ነው። ግዛቱ ቢፈቅድም፣ በፌዴራል ሕግ በጓሮ ካናቢስ ማብቀል ዛሬም ወንጀል ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ደግሞ የፌዴራል ሥልጣን ነው። የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከካናቢስ ጋር የተያያዘ ድርጊት በግዛቱ ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም እንኳ አመልካቹ ለዜግነት የሚፈለገውን መልካም ጠባይ እንዳያሟላ ሊያደርገው እንደሚችል ገልጿል። ኤን-400 የተባለው የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ፣ የተከለከለ ዕፅ በማንኛውም ሕግ ተከልክሎ ሳለ አብቅለው ያውቃሉ ወይ ሲል በግልጽ ይጠይቃል። «አዎ» ያለ ሰው ማመልከቻው ውድቅ ሊሆንበት ይችላል፤ አብቅሎ ሳለ «አላውቅም» ያለ ደግሞ በሐሰተኛ ቃል ከዚህ የከፋ ሊገጥመው ይችላል።

ፍርድ ቤት ባይቀርብም፣ ባይፈረድበትም፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው ድርጊቱን መፈጸሙን በራሱ አንደበት ለባለሥልጣን ማመኑ ብቻ ወደ አገር እንዳይገባ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በሕጉ ውስጥ ለአንድ ጊዜ ጥፋትና እስከ 30 ግራም ለሚደርስ የግል ይዞታ የተሰጠ ልዩ አስተያየት አለ፤ እርሱ ግን የተጻፈው ለይዞታ እንጂ ለማብቀል አይደለም። በፌዴራል ድጎማ ቤት የሚኖር ቤተሰብም፣ ግዛቱ የፈቀደው ተክል በረንዳው ላይ በመገኘቱ ቤቱን ሊያጣ ይችላል። ግሪን ካርድ ይዞ ዜግነት የሚጠብቅ ወይም ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ከአራት ተክል የሚያገኘው ጥቅም፣ በሚዛኑ ሌላ ወገን ካለው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። አስቀድሞ የነካው ሰው ካለም ቅጽ ከመሙላቱና ከመጓዙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር አለበት። የአሜሪካ ድንበር ኃላፊዎች የመንገደኛን ስልክ የመፈተሽ ሥልጣን ስላላቸው፣ በስልክ የተቀመጠ የጓሮ ፎቶግራፍም ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል።

የገልፍ አገሮችን በተመለከተ የሚዘረዘር የተክል ቁጥር የለም። ማብቀል በከባድ ወንጀልነት ይቀጣል። በኢትዮጵያም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማብቀልን በጽኑ እስራትና በገንዘብ ያስቀጣል። ከካናዳ ወደ አሜሪካ፣ ከአሜሪካም ወደ የትኛውም አገር ዘርም ሆነ አበባ ይዞ መሻገር፣ ሁለቱም ወገን የፈቀዱ ቢመስልም እንኳ ክልክል ነው። ከዋሽንግተን ተነሥቶ በዱባይ ወይም በዶሃ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው፣ በመከር ሰሞን ለብሶት የነበረውን ጃኬት ኪስ አራግፎ፣ ያጠበውን ሌላ ልብስ ለብሶ ቢነሣ ይሻለዋል።